ውኃው በጥቅምት ይሸሻል

ሎንዶን፣ መስከረም 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ወረታ ለሚገኙት፣ እናትም አባትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለእትዬ ገላነሽ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ገባልዎ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ በቸርነቱ ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ዝናቡም አልጎደለብኝም። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት በወጉ ገብቶ በወጉ አይወጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ቆሞ ያለቃቅሳል። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልዎ ለመምሬ መንግሥቴም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

«እዚያ ድረስ ሄደህ የምትማረው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የቋንቋ ትምህርት ነው። ሰው አንድ ነገር ሲናገር ሌላው እንዴት እንደሚረዳው እንመረምራለን። ቃል ብቻውን አይፈታም ይላሉ መምህሬ። ማን ተናገረው? ለማን? የት ቆሞ? ከምን በኋላ? ይህ ካልታወቀ ቃሉ ቢታወቅም ነገሩ አይታወቅም።

ባለፈው ሳምንት መምህሬ ክፍል ገቡና «ዛሬ ይበርዳል» አሉ። ፊት ለፊት የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ በአክብሮት «አዎ፣ ይበርዳል» አልኳቸው። ከኋላዬ የነበረው ተማሪ ግን ብድግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የዕለቱም ትምህርት እኔ ሆንኩ።

እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የአቶ አንለይ ልጅ ጽጌሬዳ ትዝ አለችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ፣ ለመሰናበት ወደ ቁሐር ሚካኤል ስወርድ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነበር። ጽጌሬዳ ከጓሯቸው እስከ ውኃው ዳር ሸኘችኝ። ታንኳው ላይ ስወጣ አዲሱ ጫማዬ ረጠበና በእሱ ስበሳጭ «ውኃው በጥቅምት ይሸሻል» አለችኝ። እኔም የተማርኩት ሰውዬ «አዎ፣ በየዓመቱ ይሸሻል» ብያት ሄድኩ። አሁን ሳስበው ያን ዕለት መዘጋት የነበረበት አንድ መስኮት ነበረ።

እትዬ፣ ለዚህ ነው የምጽፍልዎ። እዚህ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቆይቼ አማርኛ እንዳስተምር ሥራ ሰጥተውኛል፤ መልሴን ከፋሲካ በፊት ይፈልጋሉ። ጽጌሬዳ ፈቃዷ ከሆነ እመጣለሁ። ካልሆነ ግን ለማን ብዬ እመጣለሁ? ሽማግሌ ይላኩልኝ። አመሰግናለሁ፣ በጣም አመሰግናለሁ።

ልጅዎ ደሞዝ

ወረታ፣ ኅዳር 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደሞዝ፤

የፎገራን ሜዳ ያለመለመ አምላክ አንተንም ያለምልምህ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ጧት ጧት ይከራከረኛል፣ ወደ ቀትር ግን እንታረቃለን። የሚጽፉልኝ እንደ ወትሮው መምሬ መንግሥቴ ናቸው። እንደምናገረው ጻፉ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ቃል ማሳመር ይወዳሉ። ጌጥ የበዛበት ቦታ ካየህ የሳቸው ነው።

«ለማን ብዬ እመጣለሁ» አልክ አሉ። እኔ ሞቻለሁ ወይ? ይሁን፣ ወጣት ነህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።

ሽማግሎቹ በጥቅምት ጊዮርጊስ ማግስት ሄዱ፤ መምሬም አብረው ነበሩ። አቶ አንለይ ከደጅ ተቀበላቸው። «ልጄ ገና ናት፣ ለባልም አላሰብኳት» አላቸው። ከዚያ «የልጁ የእናቱ እናት ከወዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ። መምሬ ቆጠሩለት። «የአባቱስ አያት?» አለ። አሁንም ቆጠሩለት። «እንግዲህ ዘመድ አላማከርኩም፤ ከጥምቀት በኋላ ብቅ በሉ» ብሎ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሸኛቸው። ወሬው ይኸው ነው። ዘንድሮ ጌሾ ተወዷል፤ ቢሆንም ገዝቻለሁ።

አክስትህ ገላነሽ

ይህን ጸሐፊው መንግሥቴ ከራሴ እጨምራለሁ። በዚያ አገር ጃንጥላ በየቤቱ አለ ይባላል። ሽማግሌ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብም ያገኘዋል። ነገሩን ማለቴ ነው እንጂ ላክልኝ ማለቴ አይደለም።

ሎንዶን፣ ኅዳር 28 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ገላነሽ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። መምሬ መንግሥቴንም ሽማግሎቹንም አመሰግናለሁ። እግራቸው በከንቱ ስለደከመ አዝኛለሁ።

አቶ አንለይ «ልጄ ገና ናት» ብለው መልሰዋችኋል። ይህ መብታቸው ነው። አያቶቼን መመርመራቸው ግን አንጀቴን አሳረረው። አባቴ ሸማኔ መሆኑን አገር ያውቃል፤ ተደብቆ አያውቅም። ያልፈለጉኝ እንደሆነ አይሆንም ማለት ይበቃ ነበር፤ ደጃቸው ላይ አጥንቴን ማስቆጠር ለምን አስፈለገ? ከጥምቀት በኋላ ተመልሳችሁ ሁለተኛ እንድትዋረዱልኝ አልፈልግም። እባክዎ ነገሩ እዚህ ላይ ይቁም። ሥራውን እቀበላለሁ ብዬ ልጽፍላቸው ነው።

ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።

ደሞዝ

ወረታ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለአላዋቂው ደሞዝ፤

የልደት በዓል በሰላም ያድርስህ፤ ልቦናም ይስጥህ። መምሬ ደብዳቤህን ሲያነቡልኝ መጀመሪያ ደነገጥኩ። በየመስመሩ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ! ልጄ ተቀይሞኛል አልኩ። አመሰግናለሁ እኮ መንገድ ላሳየ መንገደኛ የሚባል ነው፤ ላሳደገች አክስት «ዕድሜ ይስጥልኝ» መቼ አነሰና? ወደ አያቶችህ ነገር ሲደርሱ ግን እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። መምሬም መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

አንተ ልጅ፣ ልጁን የማይሰጥ አባት ዘር ይቆጥራል? እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባም፤ ይህንንም ረሳኸው? አንለይ የጠየቀው «ይህን ልጅ ልጄ ታገባው ዘንድ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው። ባያስብበትማ የአያትህ አገር ደብረ ታቦር ቢሆን አንበሳሜ ምን ጨንቆት? «ልጄ ገና ናት» ያለውን ደግሞ ቃሉን ይዘህ አለቀስክ። በመጀመሪያው ቀን «እሺ፣ ውሰዷት» የሚል አባት የት አይተሃል? ልጁ የከበደችው አይመስልበትም? ቀጠሮ ሰጠ። ከአጥሩ ውጭ ድረስ ሸኘ። እምቢ ያለ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም፣ ከመቀመጫውም አይነሣም።

ጌሾ ገዛሁ ብዬህ አልነበረም? ለምን የገዛሁት መሰለህ? ለተስካር?

አፉን ብቻ ሳይሆን እግሩንም እጁንም ስማ ልጄ። መምህርህ ያሉትም ይህንኑ መስሎኝ፤ ትምህርቱን ክፍል ውስጥ ትተኸው አታንብበኝ። ለስንዱ፣ ለአንለይ ሚስት፣ ለልደት በቅል ማር ልኬላታለሁ። አንተም ሥራውን እቀበላለሁ ብለህ እንዳትጽፍ።

አክስትህ

ሎንዶን፣ ጥር 16 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ገላነሽ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ!

እዚህ ጎዳና ላይ ብቻዬን ስስቅ የሚያዩኝ ሰዎች መንገድ እየለቀቁልኝ ነው። እኔ የነገሩን ሕግ ስሸመድድ ነገሩ በአጠገቤ አልፎ ሄዷል። ለመምህሬ ሁሉን አጫወትኳቸውና በሚቀጥለው ክፍል የአቶ አንለይን ደጃፍ አስተማሩበት። የእንግሊዝ ልጆች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዋሉ።

ሥራውን እቀበላለሁ ብዬ አልጻፍኩም። ጥምቀት አልፏል፤ ምን አሉ? መምሬ መንግሥቴ ጃንጥላ አልጠየቁኝም፤ ስለዚህ ጥቁር ጃንጥላ ልኬላቸዋለሁ።

ልጅዎ ደሞዝ

ወረታ፣ የካቲት 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለደሞዝ፤

እንዴት ነህ። እኔ አለሁ።

ሽማግሎቹ በቀጠሮው ሄዱ። ገና አጥሩን አልፈው ቃል ሳይተነፍሱ አንለይ ከቤት ወጥቶ ጮኸባቸው። «ዘንድሮ ልጄን ለማንም አልድርም! ዘመድም ይምጣ ባዕድ፣ የቅርብም ይሁን የሩቅ፣ ደጄን እንዳትጠኑ!» አለ። መምሬ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ተብለው አያውቁም። በሜዳው ሲመለሱ ስንዱ በጓሮ ዞራ ደረሰችባቸውና ቅሌን ሰጠቻቸው። ከነክብደቱ! የላክሁላትን ማር አፏ ላይ ሳታደርስ መልሳልኛለች። ሳልከፍተው ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በደጉ ቀን ስታለቅስ ስቄብህ ነበር፤ አሁን ተራዬ ነው። ሥራውን ተቀበል ልጄ። የሴት ልጅ ዘር አልጠፋም፤ በአንበሳሜ በኩል ደህና ቤት አለ ይሉኛል፣ አጠያይቃለሁ። ስንዱ ደጅ ግን ሁለተኛ አልደርስም። ጃንጥላውም ቢመጣ ከንቱ ነው፤ የሚያስኬድ ጉዳይ የለንም።

ገላነሽ

ሎንዶን፣ የካቲት 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ገላነሽ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሥራውን እቀበላለሁ የሚለውን ደብዳቤ ጽፌ በፖስታ አሸግሁት። ልልከው ስወጣ ግን «እግሩንም እጁንም ስማ» ያሉኝ ትዝ አለኝና ከደረጃው ተመለስኩ። የእርስዎን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት።

አሁን የምጠይቅዎን ለመምሬም ይጠይቁልኝ። አቶ አንለይ ጮሁ አሉኝ። በሬ ሲጠፋባቸው እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሎቹ ፊታቸው ቆመው ሳሉ ያ ሁሉ ጩኸት ማን እንዲሰማው ነበር? «ዘመድም ባዕድም» አሉ። እኛ ዘመድ አለመሆናችንን ራሳቸው ቆጥረው አረጋግጠዋል። «የቅርብም የሩቅም» አሉ። የሩቁ እኔ ነኝ፤ የቅርቡ ማነው? በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረ ወይ?

ስንዱስ በጓሮ ለምን ዞረች? ማርሽን አልፈልግም ለማለት የመጣች ሴት ፊት ለፊት ናት፤ ተሸሽጋ የምትመጣው ሌላ ነገር ይዛ ነው። እትዬ፣ እባክዎን፤ ይህም ቃል እንደ «አመሰግናለሁ» የመንገደኛ መስሎ እንደሚታይዎ አውቃለሁ፣ ግን እባክዎን ቅሉን ይክፈቱት።

የታሸገው ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እስከ ፋሲካ አልነካውም።

ደሞዝ

ወረታ፣ መጋቢት 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለአዋቂው ለደሞዝ፤

እልልልል! መምሬ «እልልታ እንዴት ይጻፋል?» ብለው ሲከራከሩኝ ነበር፤ እንደሰሙት ይጻፉት ብያለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለውን ለሰው ስተርት ኖሬ ራሴ ረሳሁት። የተናደደች ሴት ጆሮ የላትም፤ ይህንንም ለመምህርህ ንገርልኝ።

ደብዳቤህ ሲነበብ ቅሉን ከምሰሶው አውርጄ ከፈትኩት። ቅቤ! እስከ አፉ ድረስ የተጠቀጠቀ ቅቤ! ለጋ ሆኖ መጥቶ በእኔ ቂም ምሰሶ ላይ ሰንብቶ፣ ሽታው መምሬን ወደ ደጅ አስወጣቸው። ደግሞ የተከፈተው በሁዳዴ ጾም! የሰው ዕቃ ባዶ እንደማይመለስ እኔው ነኝ ለጎረቤት የማስተምር፤ በንዴት ግን ማሬ ነው ብዬ ምዬበት ነበር።

ከዚያ መምሬን ያዝኳቸው። «ያን ዕለት ደጅ ላይ ምን ነበረ? ያስታውሱ» አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡና «አጥሩ ሥር የታሰረች ቀይ በቅሎ ነበረች» አሉ። ያንን አይተው ዝም! በቅሎዋ የአንበሳሜው የአቶ ደጉ ናት። ማረፍ አልቻልኩም። ሁለተኛ አልደርስም ያልኩት ደጅ በዚያው ቀን ደረስኩ።

ስንዱ እንዳየችኝ «ቅቤውን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። «ሰቀልኩት» አልኳት። ተያየን፤ መሬት ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «ለምራትሽ አናት ይሁን ብዬ የሞላሁልሽን!» አለችኝ። አንለይም ወጣ። «እመት ገላነሽ» አለኝ፤ «ደጉ ለልጁ ሊጠይቀኝ መጥቶ ጠላ እየጠጣ ነበር። ሜዳው ውኃ ሲሞላ ከብቶቼ የሚከርሙት በእሱ ተራራ ነው። ፊት ለፊት አይሆንም ብለው በክረምት ከብቶቼን ወዴት አደርሳቸዋለሁ? እናንተን ተቆጥቼ ለእሱ መለስኩለት። ገባው፤ ሳይጠይቀኝ፣ ሳይቀየመኝ ሄደ። እናንተ ግን በሳምንቱ ትመለሳላችሁ ስል ቀራችሁ። ናቁኝ ብዬ ሰንብቻለሁ።»

አየህ ልጄ? የአገሬውን ቋንቋ ለአንተ ሳስተምር ቆይቼ ትዳርህን ልገድለው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያንተ ጥያቄ ባይደርስ ኖሮ እኔም በኩራቴ፣ እሱም በኩራቱ እንቀር ነበር። ኮራሁብህ፤ ይህን በግልጽ ነው የምነግርህ፣ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት።

የሸማኔነቱን ነገር ለአንለይ አነሣሁበት፤ ሆዴ ውስጥ ቆሞ ስለነበር። ገረመው። «እኔ ስሞሸር የለበስኩት የአባቱን ሸማ ነው፤ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አለ» አለኝ። አለቀስኩ፣ ወንድሜን አስታወሰኝ። ሽማግሎቹ ደግሞ ሄደው በዚህ ሳምንት ነገሩ አለቀ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቀኑን ግን «ልጅቱ ራሷ ትናገር» አለ አባቷ። ጽጌሬዳም እዚህ ወረታ የተማረችው ለዚህ ቀን ነውና ራሷ ጽፋ አምጥታልኛለች፤ አብሬ ልኬዋለሁ። መምሬ ካላነበብኩ ቢሉ ከለከልኳቸው፤ ዞር ስል አንብበውታል። «የውኃና የሜዳ ወሬ ብቻ ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ አላስተማሯትም» ብለው አዝነዋል። እኔ እንጃ፣ አንተ ታውቃለህ።

ጃንጥላው ደርሷል። መምሬ ፀሐይም ዝናብም በሌለበት ይዘውት ይዞራሉ። ቅቤው ለመብላት አይሆንም፤ መምሬ «ፀጉር ጾም የለውም» ብለው ፈቅደውልኝ ተቀብቼዋለሁ። ገበያ ስገባ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቀኛል። የቀረውን ለምራቴ አስቀምጬላታለሁ፤ ሽታውን ትችለዋለች፣ የእናቷ ነው።

አክስትህ ገላነሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ መጋቢት 18 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለደሞዝ፤

እንዴት ከረምክ? እኛ ደኅና ነን፤ ከብቶቹም ደኅና ናቸው። ሽንብራው ታጭዶ ተወቅቷል። ሜዳው አሁን ደረቅ ነው፤ ከወረታ እስከ ቤታችን በእግር ያስኬዳል። እስከ ግንቦት መጨረሻ እንዲሁ ይቆያል። በሰኔ ዝናቡ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ውኃው ይሞላል። ታንኳችን አርጅቷል፤ አባባ ዘንድሮ አዲስ አላሠራም።

ጽጌሬዳ

ሎንዶን፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለጽጌሬዳ፤

ስለ ሜዳውና ስለ ታንኳው የጻፍሽው ደረሰኝ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንደሱ ያለ ደስ የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ለመምሬ መንግሥቴ ይህን እንዳትነግሪያቸው።

እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ዛሬ ይበርዳል፤ መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሰነበተውን ፖስታ ለእሳት ሰጥቼዋለሁ፤ ሥራውንም ለሌላ ሰው ስጡት ብያቸዋለሁ። ፈተናዬ በግንቦት መጀመሪያ ያልቃል።

ትናንት ገበያ ወጥቼ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ሳላረጥበው እደርሳለሁ።

ደሞዝ